በግማሽ የቀረ ጸጉር

«ጸጉሯ ሲረዝም ልብም ትገዛለች፤ አንቺ ብቻ ማበጠሪያውን ከእጅሽ አትጣዪ» አለ አጎትየው። መላጣው ይህን የሰማው ከጣውላው ግድግዳ ማዶ፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት ፊቱን ታጥቦ የጸጉር ቤቱን መዝጊያ ከፍቶ ነበር። ዛሬ የአጎቱን ሳል ከደጅ ሲሰማ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ የተኛ መሰለ። አጎትየው እንደ ወትሮው ሳያንኳኳ ነው የገባው፤ ቤቱ የራሱ ነው፣ የገዛ ቤቱን ማን ያንኳኳል? «የፊታችን እሁድ ሰዎቹ ሊያዩዋት ይመጣሉ። ደህና ቤተሰብ ናቸው፣ ወፍጮ አላቸው። ልጁ ትንሽ እግሩን ይጎትታል እንጂ ክፉ አይደለም፤ እሷም ብትሆን ሙሉ ዕቃ አይደለችም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እናትየው ታበጥራለች። የሚሰማው የማበጠሪያው ድምፅ ብቻ ነበር፣ ጥርሱ ጸጉር ውስጥ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲገባ። ከማበጠሪያው ሥር የተቀመጠ አንድ ልጅ ነበር።

ልጁ ቀጮ ይባላል፤ የመላጣው ታናሽ ነው። ሲወለድ ሴት ናት ተባለ፣ የሴት ስም ወጣለት፣ ቀሚስ ተሰፋለት። አፉን በፈታ ማግስት ግን ወንድ ነኝ አለ። መቱት፤ ዝም አለ። መምታቱን ሲተዉት ደግሞ አለ። የከተማው ሰው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እያለ ከንፈሩን መጠጠለት፤ ዥንጉርጉሩ የራሱ ደጃፍ ላይ እስካልቆመ ድረስ ነው እሱም። በወጣለት ስም ሲጠሩት አልሰማ እያለ ስላስቸገረ፣ ቀጭን ስለሆነም፣ ቀጮ አሉት፤ ለሴትም ለወንድም የሚሆን በመሆኑ ማንም አልተጣላበትም። ይህች ከተማ ለሰው በነጻ የምትሰጠው ነገር ቢኖር ቅጽል ስም ብቻ ነው። መላጣውንም መላጣው ያለችው እሷው ናት፤ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ ሳለ የገዛ ጸጉሩ ገና በጎረምሳነቱ ጥሎት ስለሄደ።

ቀጮ ገና ልጅ ሳለ አንድ ንጋት ጸጉር ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጣና ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የወንዶች ፎቶዎች እያሳየ «እንደነሱ ቁረጠኝ» አለው። ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ መዝጊያው ሳይከፈት፣ መጋረጃው ተስቦ ሲቆርጠው ኖረ። ጎረቤት ሲጠይቅ ቅማል ነው ይላል፤ በሌላ ጊዜ ጭርት ነው ይላል፤ ከተማው በሙሉ የቀጮን ራስ ቅማል የማይለየው ራስ አድርጎ ያውቀው ነበር። መላጣው በዕድሜው ሠራሁት የሚለው አንድ መልካም ነገር ይኸው ነው። ሰው ሲያዋርደው፣ የአጎቱ ልጆች በጣታቸው ጫፍ ሰላም ሲሉት፣ «እኔስ ለወንድሜ አለሁለት» ይልና ይጽናናል። በክረምቱ መግቢያ አጎትየው ደረሰበት። አልጮኸም። መዳፉን ዘረጋና «የቤቴን ቁልፍ» አለ። መላጣው ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ ማለ። መዳፉም ታጠፈ። የቀጮ ጸጉር ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው ጆሮውን አልፎ የወረደው።

አጎትየው ከሄደ በኋላ መላጣው ተነስቶ ቁርስ ሊቀምስ ወደዚያኛው ክፍል ገባ። ዳቦና ሻይ ነበር። ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሷል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል፤ ይህን አንስቶ ትንሽ ሊያወራ ፈለገና ተወው። ቀጮ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። እናትየው ከኋላው ቆማ ጸጉሩን በቅባት እያሸች መሐል ለመሐል ትከፍለዋለች። የተቀመጠበት አኳኋን ቁስሉን የሚያጥቡለት ሰው ይመስላል፤ ያማል ግን አይጮኽም። መላጣው «ደህና አደርክ?» ለማለት አፉን ከፍቶ እናቱ ፊት «አደርክ» ይበል «አደርሽ» ስላልቆረጠ ሻዩን ጠጣበት። እናትየው ማበጠሪያውን አስቀምጣ ቁጭ አለችና መርፌዋን አነሳች። ጭኗ ላይ የአባታቸው ቡናማ ኮት ነበር፤ ሰውየው ከሞተ ጀምሮ ምስማር ላይ ተሰቅሎ የኖረው። እጅጌውን እያሳጠረች ነው። መላጣው ዳቦውን አስቀመጠ። ልትሸጠው ነው፣ አለ በልቡ። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ ላንተ ይሁን» አላለችውም። አባቱ ሲሞት ከትምህርት ቤት ተጎትቶ የወጣው እሱ፣ የሰው ጸጉር ሲጠርግ ያደገው እሱ፣ ኮቱ ግን ለገበያ። ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ የሻዩን ስኒ ከሚገባው በላይ በኃይል አስቀመጠና ወጣ።

የጸጉር ቤቱ ክፍል ከአጎትየው የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጠባብ ናት። ሁለት መስታወት አላት፣ አንዱ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው አፍንጫው ሁለት ይሆናል። ወንበሩ የብረት እግር ያለው ከባድ ወንበር ነው፣ ሲዞር ያቃስታል። ጣሪያው ከወንበሩ ጀርባ ያፈሳል፤ ሲዘንብ ባልዲ ይቀመጥለታል፤ መላጣው ስለዚህ ጣሪያ ለአጎቱ ስንት ጊዜ እንደነገረ እሱና ባልዲው ያውቃሉ። የዋጋው ሰሌዳ «ጸጉር፣ ጢም፣ ሁለቱም» ይላል፤ ሦስቱንም ከፍሎ የማያውቀው አጎትየው ብቻ ነው። ለደንበኛ የተሠራውን አግዳሚ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የያዘው ጡረተኛው ፖሊስ ነው፤ የከተማው ሬዲዮ። እሱ ያልሰማው ወሬ የለም፣ የሰማውም እሱ ዘንድ አያድርም።

«መላጣ ጸጉር አስተካካይና ከሲታ ምግብ አብሳይ አይታመንም» አለ ጡረተኛው፣ በየቀኑ እንደሚለው።

«አንተ ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«አግዳሚው ነፋሻ ስለሆነ ነው እንጂ እጅህን ናፍቄ አይምሰልህ።»

ጠዋቱ በዚህ አለፈ። መላጣው ግን አንድ የሚኮራበት ደንብ አለው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጸጉሩ ሳያልቅ አይነሳም። መብራት ሲጠፋ በመቀስ ይጨርሳል። ሰካራም ሲገጥመው ራሱን በብብቱ ይዞ ይጨርሳል። አንድ ጊዜ ጡረተኛው ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ ገበያ የዘረፈ ሌባ ሲያባርር መጥቶ እዚህ ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ አገኘው። ካቴናውን ሲያወጣ መላጣው ማሽኑን ከሌባው ራስ ሳያነሳ «ግማሹ ቀርቷል፤ በግማሽ ራስ ሰው አይታሰርም» አለው። ፖሊሱም በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሌባው ተበጥሮ፣ ዱቄት ተነስንሶለት፣ ከፍሎ ታሰረ። ጡረተኛው ይህን ታሪክ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ መላጣውም ሲወራ እንዳልሰማ ሆኖ ይሰማዋል።

ቀትር ላይ ጡረተኛው ለምሳ ሄደ። መንገዱ ላይ ሰው ቀጠነ። መላጣው ወለሉን እየጠረገ ሳለ በሩ ጨለመ፤ ቀና ሲል ቀጮ ነው። አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዟል። የለበሰው የአባታቸውን ቡናማ ኮት ነው፤ እጅጌው ልክ አንጓው ላይ ቆሟል።

«ቁረጠኝ» አለ ቀጮ።

«በቀትር? አብደሃል እንዴ? ማን እንደሚያይ…»

«የዘጠኝ ሰዓቱን አውቶብስ ነው የምይዘው። ትልቁ ከተማ አንድ አናጢ አግኝቻለሁ፤ በስልክ ነው ያወራነው። ‹አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ቀጠነብኝ፣ እጅህስ?› አለኝ። ‹እጄ ወፍራም ነው፣ ጣውላ ስልግ ነው ያደግሁት› አልኩት። ነገ ጠዋት ና፣ ልይህ ብሏል። እንደዚህ ሆኜ ልሂድለት?» ብሎ በቅባት የወዛውን፣ መሐል ለመሐል የተከፈለውን ጸጉር በጣቱ ነካ አደረገ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ። ‹ሂድ፣ ወንድምህ ያሳምርህ› ብላ።»

መላጣው አላመነም። ኮቱን ግን አየው። ለገበያ መስሎት የነበረው ኮት ትከሻው ላይ ልክ ሆኗል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ሌላ ነው፤ ለኔ ያልተባለ ለሱ ተባለ፣ የሚል ትንሽ መራራ ነገር። ይህን ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። ያን ሰዓት ግን ዋጠውና ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገለት፤ ቁጭ በል ማለቱ ነው። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረ። መጋረጃውን ሳበ፤ መጋረጃው ቀትር ላይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ለጎህ እንጂ ለቀትር አልተሰፋም። ማሽኑን አበራ።

ከቀኝ ጆሮው ጀመረ። ጸጉሩ ቅባት ስለነበረው ማሽኑ እያነቀው ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ነበረበት። ረጃጅሙ ጸጉር በነጩ ጨርቅ ላይ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እናታቸው ለስንት ጠዋት ያበጠረችው። ቀኝ ጎኑ ሲነጣ፣ ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ሲወጣ፣ መስታወቱ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ፊት ብቅ ማለት ጀመረ። አባቱ ነው። ኮቱም አለ፣ አገጩም አለ። ቀጮም አየው መሰለኝ ፈገግ አለ፤ ይህ ልጅ ፈገግ ሲል መላጣው ካየው ክረምትና በጋ አልፏል። «አባባን አልመስልም?» አለ። «ዝም በል፤ ጆሮህን እንዳልቆርጠው» አለው መላጣው፣ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር። እንዲህ ሆነው አንድ አፍታ ቆዩ። የማሽኑ ድምፅ የእግር ኮቴ እንዳይሰማ አደረገ።

መጋረጃው የተገለጠው በአጎትየው ዱላ ጫፍ ነው። ከኋላው ጡረተኛው፣ የጥርስ መጎርጎሪያ አፉ ላይ እንዳለ። አጎትየው ለእሁዱ እንግዶች ጢሙን ሊስተካከል ነበር የመጣው። ወለሉን አየ፤ ጸጉሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገ፣ እንደ ሞተ ነገር። ከዚያ መላጣውን አየ። ቀጮን አላየውም።

«ቀጥል እንጂ፤ ለምን አቆምክ?» አለ።

«ቅማል ነው፣ ጋሼ» አለ መላጣው። ማሽኑ እጁ ላይ እየነዘረ ነው።

«ቅማሉ በቀኝ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሰፈረው?» አለ ጡረተኛው፤ ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ።

«ቅማል የለብኝም» አለ ቀጮ ወደ መስታወቱ። «እኔ ነኝ ቁረጠኝ ያልኩት። ይጨርስልኝና እሄዳለሁ። ሁለተኛ ዓይንዎ አያየኝም፣ ጋሼ።»

አጎትየው ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ቀስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ፤ ባዶ፣ ወደ ላይ፣ በመላጣው ደረት ልክ። ቃል አላስፈለገውም። የመላጣው እጅ ሱሪው ኪስ ውስጥ ገባ። ቁልፉ እዚያ ነው፤ ነካው። አውጥቶ መዳፉ ላይ ቢጥለው ምን ይሆን ነበር? ወንበሩ ይሄዳል። መስታወቱ፣ ሰሌዳው፣ የሚኖሩበት ቤት፣ የእናቱ አልጋ። ይህን ሁሉ አሰበ ልበል? አላሰበም። ሰው ሲፈራ አያስብም፤ የሚያስበው በኋላ ነው፣ ፍርሃቱን ምክንያት ሲያለብሰው። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ። በአውራ ጣቱ ማሽኑን አጠፋ።

«ማሽኑ ተቃጠለ» አለ። «ተነሺ።»

ቀጮ አልተነሳም። «በመቀስ ጨርስልኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሳይሆን እንደሚያስታውስ ሰው። መላጣው ነጩን ጨርቅ ከአንገቱ ፈትቶ ሳበው፤ ጸጉሩ ሁሉ ኮቱ ላይ ተዘረገፈ። ቀጮ መስታወቱን አየ። ቀኙ አባቱ ነው፤ ግራው ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ ሥር ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠችው ልጅ። ጸጉሩን አልነካውም። ኮቱን እንኳ አላራገፈም። ቦርሳውን አንስቶ በአጎትየውና በበሩ መቃን መሐል ጎኑን አሹልኮ ወጣ። ጡረተኛው የጥርስ መጎርጎሪያውን ከአፉ አውጥቶ መንገድ ለቀቀለት።

«አራግፈው» አለ አጎትየው ወደ ወንበሩ እየጠቆመ። መላጣው በብሩሽ አራገፈው። አጎትየው ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ፤ ያው ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረ። መላጣው ማሽኑን አነሳ። ሌላ ማሽን የለውም። ሊያመነታ ፈልጎ ነበር፣ አጎትየው ግን በመስታወቱ ውስጥ እያየው ነው፤ ማብሪያውን ተጫነ፤ ማሽኑ ዘፈነ። ቀጮ ገና ደረጃው ላይ ነበር፣ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ብሎ። ድምፁን ሲሰማ ዞሮ አየ። አልተቆጣም። የዕቃ ዋጋ ጠይቆ የገመተውን ያህል እንደነገሩት ሰው ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በግማሽ ጸጉር፣ በቀትር፣ በዋናው መንገድ። መጀመሪያ የተሰማው የተሸካሚዎቹ ፉጨት ነው፤ ቀጥሎ የሴቶች «ውይ!»፤ ከዚያ ሳቅ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተቀባበለ እስከ አውቶብስ ተራው ድረስ።

አጎትየው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራ። መሐንዲሱ ልጁ ስላሠራው ቤት አወራ። «አንተንም ሰው ያደረግሁህ እኔ ነኝ፤ ትምህርት አይገባህም ነበር፣ እጅህ ላይ ግን በረከት እንዳለ አየሁ» አለ፣ ጉሮሮው ላይ ምላጭ ተደግኖበት ሳለ፣ ያለ አንዳች ስጋት። ስጋት የሌለውም በከንቱ አልነበረም። ምላጭ የያዘ ሁሉ ጀግና ቢሆን ኖሮ ጸጉር አስተካካይ ነበር አገር የሚገዛው። መላጣው በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ጢም አስተካክሎ አያውቅም፤ አንዲት ነጥብ ደም አልወጣችም። ዱቄቱን ነሰነሰ፣ አንገቱን በአልኮል አበሰ። አጎትየው ሲነሳ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ያፈሳል ብለኸኝ ነበር አይደል? ነገ ሰው እልክና ቆርቆሮው ይቀየርልሃል» አለው። መላጣው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞች መጡ፤ ሁሉም ወሬውን ይዘው ነው። አንዱ «ግማሽ ዋጋ ነው የምታስከፍለው አሉ» አለ፤ ሌላው «እኔን እንኳ ጨርሰህ ላከኝ፣ ሚስቴ ታባርረኛለች» አለ። መላጣው አንድ ጊዜ አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ በመስታወቱ ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ሆኖ ታየው። ጡረተኛው አግዳሚው ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱ አላወራም። ሰው ገለል ሲል ብቻ፣ ጋዜጣውን እያጠፈ «ያኔ ሌባውን እንኳ ጨርሰህ ነበር የሰጠኸኝ'ኮ» አለ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው። መላጣው ፊቱን አዞረ። ወለሉን ሊጠርግ መጥረጊያውን አነሳ። የአጎቱ ሽበትና የወንድሙ ረጅም ጸጉር ተቀላቅለዋል። መጥረጊያውን አስቀመጠ፤ መቀሱን፣ ማበጠሪያውንና ምላጩን በነጩ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አዲስ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ሳለ ጡረተኛውን አስወጥቶ መዝጊያውን ዘጋና ሄደ።

አውቶብሱ አልሄደም ነበር፤ ይህ አውቶብስ ሳይሞላ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። መላጣው እየሮጠ ደርሶ በመስኮቶቹ ሥር ፊት እየፈለገ ሄደ። ቀጮን አይቶ ሳይለየው አለፈ። ተመልሶ አየው። ከኋላው ወንበር፣ መስኮቱ ዳር፣ አበባ ያለበት የሴት ሻርፕ ራሱ ላይ ተጠምጥሞ አገጩ ሥር ታስሯል። ከተማውን የሚለቀው ይህን ላለመልበስ አይደል? መላጣው ጠጋ አለ። መስኮቱን በጣቱ መታ፤ ተከፈተ።

«ውረድ፣ እጨርስልሃለሁ። መቀስ ይዣለሁ። ቶሎ ነው።»

ቀጮ የጨርቁን ጥቅል አየ፣ ቀጥሎ የእሱን ፊት። «የት?» አለ።

መላጣው ዞር ዞር ብሎ አየ። ተሸካሚዎቹ ጭነት ላይ ቆመው ያያሉ። ትኬት ቆራጩ ያያል። ከሻይ መሸጫዋ አግዳሚ ላይ የአጎቱ መደብር ሠራተኛ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ ያያል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚያ… ከሽንት ቤቱ ጀርባ» አለ።

ቀጮ የሽንት ቤቱን አቅጣጫ አየ። «እዚሁ ብትል ኖሮ እወርድ ነበር» አለ።

ከዚያ እጁን ወደ አገጩ ሰዶ ሻርፑን ፈታ። ሰው እያየ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ «በስመ አብ!» ብላ ወደ መተላለፊያው ሸሸች፤ ከፊት ያሉት ዞረው አፈጠጡ፤ አንድ ሕፃን ሳቀ። ቀጮ ሻርፑን በጥንቃቄ አጣጥፎ በመስኮቱ አወጣለት። «ለባለሻይዋ መልስላት። አላውቃትም፤ ሳልጠይቃት ነው ያለበሰችኝ። አመስግንልኝ» አለ። ሞተሩ ተነሳ። መላጣው ሻርፑን እንደያዘ ከአውቶብሱ ጎን ጥቂት ሄደ፣ ቀጥሎ ሮጠ፤ «እዚሁ! እሺ እዚሁ ውረድ!» አለ። ግን ያለው ሞተሩ ከጮኸ በኋላ ነው፣ እሱም በማይሰማ ድምፅ፣ አንድ ዓይኑ አግዳሚው ላይ እንዳለ። በኋላው መስታወት የታየው የቀጮ ግራ ጎን ነበር፤ ያልተቆረጠው።

ባለሻይዋ ለከተማው እንግዳ ናት፤ የመላጣውንም መልክ አታውቅም። ሻርፑን ተቀብላ ስታራግፈው ቅባት የጠጣ ጸጉር ከውስጡ ረገፈ። «ምስኪን ልጅ!» አለች። «እንዲህ አድርጎ የሰደደው ማን ይሆን? ሰው በሰው ላይ! እጁን ይቁረጠው!»

«አሜን» አለ መላጣው።

ቤት ሲደርስ መብራቱ ገና አልበራም፤ እናቱ መስኮቱ ሥር፣ ያቺው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ምስማሩ ባዶ ነው። ድንች በሥጋ ይሸታል፤ በሥራ ቀን ሥጋ ከተሠራ ስንት ጊዜው። መላጣው ጥቅሉን ከበሩ ጀርባ አኖረና ተቀመጠ። በዚህ ቤት ዝምታ እንደ ዕቃ ነው፤ ሁሉም እየዞረው ያልፋል እንጂ አያነሳውም። መጨረሻ ላይ እናትየው፣ ወደ በሩ እንጂ ወደሱ ሳታይ፣

«አሳመርከው?» አለች።

ዓይኗን አየ። እውነትም ቀጮን የላከችው እሷ ነበረች፤ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። ኮቱን ስታሳጥር፣ ጸጉሩን ስታበጥር፣ አጎትየው ሲያወራ ዝም ስትል፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«አሳመርኩት» አለ።

«ፊቱ ወጣ? አባቱን መሰለ?»

«ቁርጥ እሱን።»

እናትየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እኔስ ልሸኘው ፈራሁ። አጎትህ ያየኛል ብዬ። ልጄን መሸኘት ፈራሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንተ ባትኖር ማን ነበረው?» አለች። ከዚያ ማበጠሪያውን ከመስኮቱ ጠርዝ አነሳችና አገላብጣ አየችው፤ በጥርሱ መሐል የቀሩትን ጸጉሮች አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች። «ይህንንስ ለማን ልስጠው? ላንተ እንዳልልህ…» ብላ ራሱን አየችና ሳቀች። ከስንት ዘመን በኋላ ነው የሳቀችው። መላጣውም ለመሳቅ ከንፈሩን አላቀቀ። ነገ ጠዋት አጎትየው ሳያንኳኳ ይገባል፤ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይነግራታል፤ ይህን ያውቃል። ነገ ጣሪያው ላይ ሰው ወጥቶ አዲስ ቆርቆሮ ይመታል። ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ወደ ፊት ጠጋ ሲል ጭኑን ወጋው፤ አላወጣውም።

እናትየው ሳህኑን አቀረበች። ሥጋውን ከሦስት ነበር የከፈለችው፣ እጇ ለምዶ። የቀጮን ድርሻ ጥቂት አየችውና በማንኪያ አንስታ በእሱ ድርሻ ላይ ጨመረችለት። «ብላ» አለችው። «ዛሬ ይገባሃል።»

በላው።